ለቀባሪው የሚቀርብ ማመልከቻ

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሚሠራባቸው ቅጾች መካከል የፈቃድ መጠየቂያው ከአጫጭሮቹ አንዱ ሲሆን፣ በላዩ ካሉት መስመሮች ሁሉ አስቸጋሪው «ምክንያት» የሚለው ነው። ከስም፣ ከሥራ መደብና ፈቃዱ ከሚጀምርበት ቀን ቀጥሎ የሚመጣው ይህ መስመር በነጠብጣብ የተሠመረና ከአንድ ጣት ብዙም የማይረዝም በመሆኑ፣ ሠራተኛው የኑሮውን ጉዳይ በሦስትና በአራት ቃል አሳጥሮ እንዲያሰፍርበት ይጠበቃል፤ እርሱም «ለአስቸኳይ የቤተሰብ ጉዳይ» ብሎ ይጽፋል። የትኛው ቤተሰብ እንደሆነ፣ ጉዳዩ ምን እንደሆነና ለምን እንዳስቸኮለ ቅጹ አይጠይቅም፤ ጠያቂው ሌላ ነው።

ይህ ጠያቂ በዛሬው አጠራር የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ ይባላል። ሥራውም ባጭሩ የሠራተኛውን ቅጥር፣ ዕድገት፣ ዝውውር፣ ፈቃድ፣ ቅጣትና ጡረታ በአዋጅና በመመሪያ መሠረት ማስፈጸም፣ የእያንዳንዱንም የግል ማህደር፣ ማለትም ከተቀጠረበት ቀን አንሥቶ ስለ እርሱ የተጻፈው ወረቀት ሁሉ የሚጠራቀምበትን አቃፊ፣ መጠበቅ ነው። በአዲስ አበባ በአንድ ሕንፃ ውስጥ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ብዙ መቶ ሰዎችን ማህደር የሚጠብቅ ባለሙያ ይህን ሥራ እንደ ተጻፈው ሊሠራው ይችል ይሆናል። በሰሜን ሸዋ ገጠር፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ግን ባለሙያው ከማህደሩ ባለቤት ጋር በአንድ አጥቢያ የሚያስቀድስ፣ በአንድ እድር የሚቀብር፣ ብዙ ጊዜም በአበልጅነት የተሳሰረ ስለሆነ፣ አዋጁ እንግዳ ሰው አስቦ ያዘጋጀውን ጥያቄ ከልጅነቱ ጀምሮ ለሚያውቀው ሰው ፊቱን አኮሳትሮ ማቅረብ ግዴታው ይሆናል።

ነገሩ ከሕጉ ቢጀመር ይሻላል። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999ም ሆነ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1064/2010 አንድ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ 20 የሥራ ቀናት የዓመት ዕረፍት ሰጥተው፣ ከዚያ በኋላ ለሚያገለግልበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ቀን እያከሉ እስከ 30 ያደርሱት ነበር፤ ክልሎችም የየራሳቸው አዋጅ ቢኖራቸው አካሄዳቸው ተቀራራቢ ነው። በደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች የተቀጠረው የመንዝ ልጅ ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በ16 የሥራ ቀናት ይጀምርና በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። ከእነዚህ ሕጎች መካከል ሠራተኛው በዕረፍቱ ምን ሊሠራበት እንዳሰበ ያስረዳ የሚል አይገኝም። ዕረፍቱ መብት ነው፤ ምክንያቱም ራሱ ዕረፍቱ ነው።

ይሁን እንጂ በነጠብጣቡ ላይ «ለማረፍ» ብሎ የጻፈ ሠራተኛ ማህደር ሲገላበጥ ቢዋል አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቅጹን የሚፈርመው ኃላፊ «ከምኑ ነው የሚያርፈው?» ማለቱ የታወቀ ነው፤ በደጋውም ልማድ ጤነኛ ሰው ያለ በዓል እጁን አጣጥፎ መዋሉ ለአፍ አይመችም። በየወሩ አቦን፣ ሥላሴን፣ ሚካኤልን፣ ማርያምን፣ መድኃኔዓለምንና ባለወልድን አክብሮ ለዋለ ሰው የዕረፍት ቀን አነሰው ማለት ስለማይቻል፣ ከእነዚህ ውጭ ተቀምጦ የተገኘ ወይ ታሟል ወይ ከሚስቱ ተጣልቷል ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ምክንያት ለማያስፈልገው መብት ምክንያት ይፈለግለታል፤ በዚያው ልክ መብቱ ወደ ልመና ይጠጋል።

ምክንያቶቹም ወቅት አላቸው። የመንዝ ደጋ ከክረምቱ እኩል በበልግ ዝናብ የሚታመን የገብስ አገር ሲሆን፣ በልጉ የሚያፈራው ገብስ የሚደርሰው በሰኔና በሐምሌ ግድም በመሆኑ፣ የመንግሥት የበጀት ዓመት ከሚዘጋበት ከሰኔ 30 ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። በእነዚያ ቀናት በረዶው ሳይቀድመው እህሉን ለማንሣት የሚጣደፈው ሠራተኛና ዓመታዊ ሪፖርቱን ለመዝጋት የሚጣደፈው ኃላፊ በአንድ ኮሪደር ላይ ሰላምታ ሳይለዋወጡ ይተላለፋሉ። ማንም ግን «ገብስ ለማጨድ» ብሎ አይጽፍም፤ ማጭዱ በፌስታል ተጠቅልሎ ከጠረጴዛው ሥር እየታየ እንኳ የሚጻፈው «ለአስቸኳይ የቤተሰብ ጉዳይ» ነው። በርግጥ ገብስ የቤተሰብ ጉዳይ አይደለም ብሎ የሚከራከር ቢኖር ክርክሩን የሚረታው በመንዝ አይደለም።

ከምክንያቶች ሁሉ የማይመለሰው ግን ሞት ነው። ኃላፊ የዓመት ዕረፍትን ሥራ በዝቷል ብሎ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ሕጉም ከሁለት የበጀት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ይህን ይፈቅድለታል። ሐዘንን «ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ይተላለፍ» የሚል ኃላፊ ግን የራሱ ቀን ሲደርስ ድንኳኑ ባዶ እንደሚውል ያውቃል። በዚህ የተነሣ ዕረፍት የተከለከለ ሠራተኛ አክስት ይቀብራል። አንዲት አክስት በአንድ የበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ፣ ያውም አንዴ በሞላሌ አንዴ በራቤል፣ ተቀብራ በማህደር መገኘቷ የሚያስደነግጠው ጀማሪ ባለሙያን ብቻ ነው፤ የቆየው ባለሙያ ወረቀቱን ቀዳዳ ይበሳና ከፊተኛው ሞቷ በላይ ያስቀምጠዋል።

ሕጉ ስለ ሐዘን የሚለው አጭር ነው። አዋጅ ቁጥር 515/1999 ሐዘንን፣ ጋብቻንና ፈተናን ከመሳሰሉት የግል ጉዳዮች ጋር በአንድ ከረጢት ከትቶ ለሁሉም በበጀት ዓመት እስከ 7 ቀናት ይፈቅድ ነበር፤ ይህም አግብቶ፣ ተፈትኖና አልቅሶ በአንድ ሳምንት የሚጨርስ ሠራተኛ ታስቦ የተደነገገ ይመስላል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ሠራተኛው ራሱ ሲያገባ፣ ወይም የትዳር ጓደኛው፣ ተወላጁ፣ ወላጁ አለዚያም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመዱ ሲሞት፣ ከደመወዝ ጋር 3 የሥራ ቀናት ይሰጣል። ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥመው እስከ 5 ተከታታይ ቀናት ያለ ክፍያ ሊፈቀድለት ይችላል፤ እርሱም በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ለሚዜነት የተመደበ ቀን የለም፤ በጥር ወር የሚሆነውን የሚያውቅ ሰው ይህን ዝምታ ከሕግ አውጪው ድፍረት ሊቆጥረው ይችላል።

እዚህ ላይ «ሁለተኛ ደረጃ» የሚለው ቃል መብራራት አለበት፤ ምክንያቱም ባለሙያውን ከጠያቂው ጋር የሚያፋጥጠው እርሱ ነው። የዝምድናን ርቀት ለመቁጠር በዓለም ላይ የታወቁ ሁለት ስልቶች አሉ። በሮማውያን ሕግ ከአንዱ ዘመድ ተነሥቶ ሁለቱን ወደሚያገናኘው አባት እየወጡ፣ ከዚያም ወደ ሌላው እየወረዱ ትውልዱ ሁሉ ይደመራል፤ በዚህ ስልት ወንድም ሁለተኛ፣ አጎት ሦስተኛ፣ የአጎት ልጅ አራተኛ ደረጃ ላይ ይውላሉ። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ቤተ ክርስቲያን ትጠቀምበት በነበረው ስልት ግን የሚቆጠረው የረዘመው ወገን ብቻ ስለሆነ፣ አጎትም የአጎት ልጅም ሁለተኛ ደረጃ ይሆናሉ። ስለዚህ አንድ አጎት በአንደኛው ቆጠራ ሦስት ቀን ያስፈቅዳል፣ በሌላው ግን ቅጹን ሳይሻገር ይቀራል። ባለሙያው በየትኛው እንደሚቆጥር የሚወስነው፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ በሟቹ ማንነት ነው።

መንዝ ደግሞ በዘመድ ቆጠራ አስተማሪ የሚያስፈልገው አገር አይደለም። አካባቢው በልማድ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ የሚከፈል ሲሆን፣ በርስት ሥርዓት ዘመን፣ ማለትም መሬት ከአቅኚው አባት በእናትም በአባትም በኩል ለሚወለዱት ሁሉ በሚተላለፍበት ዘመን፣ አንድ ሰው እርሻ የሚያገኘው የዘር ሐረጉን ቆጥሮ እስከ ባለርስቱ አባት ማድረስ ሲችል ነበር። አንድ ቅድመ አያት የዘነጋ ሰው አንድ እርሻ ሊያጣ ይችል ስለነበር፣ ቆጠራው ለጨዋታ የሚያዝ እውቀት አልነበረም፤ ለዳኛ የሚቀርብ፣ በምስክር የሚጸና፣ ትውልድ ሙሉ የሚያሟግት ነገር ነበር። በመንዝ ተቀምጦ ያጠናውና በ1965 እ.ኤ.አ. «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፍ ያሳተመው አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን የገጠመው ኅብረተሰብ ይህ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ከነሙግቱ ሻረ። የመቁጠር ችሎታው ግን በአዋጅ የሚሻር ባለመሆኑ ለጥቂት ጊዜ ሥራ ፈትቶ ከቆየ በኋላ ወደ ሰው ሀብት ቢሮ ገባ። ቅድመ አያቶቹ በሐረግ ቆጠራ እርሻ ያስከብሩ የነበሩት ሰው ዛሬ በዚያው ሐረግ ሦስት የሥራ ቀናት ያስከብርበታል፤ ሙግቱም የጥንቱን ያህል ባይረዝም ማዕረጉን አላጣም።

በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች አካባቢ እንደ ጨዋታ የሚነገር አንድ ምልልስ የዚህን ሙግት መልክ በቅርብ ያሳያል። አንድ ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ ሁለት ቀን ቀርቶ በሦስተኛው ቀን ቅጹን ሞልቶ ይመጣል፤ በደጋው ሞት በሌሊት ተሰምቶ ቀብሩ በማግሥቱ ስለሚፈጸም ፈቃድ አስቀድሞ የጠየቀ ሐዘንተኛ አይታወቅም፣ ቅጹም ሁልጊዜ ወደ ኋላ ነው የሚሞላው። ባለሙያው መነጽሩን ያስተካክላል።

«ማን ሞተብህ ነው የምትለው?»

«አክስቴ ናት፣ ጋሼ።»

«የትኛዋ አክስትህ?»

«የላሎዋ። የእናቴ የአጎት ልጅ።»

«እሷማ አክስትህ አትባልም። ወረቀቱ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ነው የሚለው፤ ይቺ የት የለችም።»

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎም ያውቃሉ እኮ! ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ እሷ ቤት ሆኜ አይደል እንዴ የተማርኩት?»

«ማወቁንማ አውቃለሁ። እኔ ማወቄ ማስረጃ አይሆንም፤ ከቀበሌ አጽፈህ አምጣ።»

«ሊቀ መንበሩን ትላንት ቀብሩ ላይ አግኝቼው ነበር፤ ማኅተሙን አልያዘም። እርስዎ እንኳ ከጎኑ ነበሩ።»

ባለሙያው ከጎኑ መኖሩ ብቻ አይደለም፤ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። «ለቀባሪው አረዱት» የሚባለው ተረት በዚህ ቢሮ የዕለት ተዕለት የሥራ ሂደት ሆኖ ይገኛል። ምልልሱ ግን በዚህ አያበቃም፤ ባለሙያው ልጁን ለመርታት የሟቿን አባትና አያት እየጠራ ሐረጉን ሲቆጥር፣ ሟቿ ለልጁ ከምትቀርበው ይልቅ ለእርሱ ለራሱ እንደምትቀርብ፣ በአባቱ እናት በኩል ቢቆጠር እህቱ ልትባል እንደምትችል ይደርስበታል። በዚህ ጊዜ የልጁን ቅጽ ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ፈርሞ መስጠት ብቻ ሳይሆን፣ በማግሥቱ ሠልስት መሆኑ ትዝ ስለሚለው ለራሱም መላ መፈለግ ይኖርበታል። የራሱን የሐዘን ፈቃድ ለራሱ መፍቀድ ደንቡ ስለማያመቸው በማግሥቱ መዝገብ ላይ ከስሙ ትይዩ «መስክ ሥራ» ተብሎ ይነበባል።

ሦስቱ ቀናት ከሠልስት ጋር መገጣጠማቸው መልካም አጋጣሚ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ከሦስተኛው ቀን ቀጥላ ሰባትን፣ አሥራ ሁለትን፣ ሠላሳን፣ አርባን፣ ሰማንያን፣ መንፈቅንና ሙት ዓመትን ስታስብ፣ አዋጁ ሟቹን የሚያውቀው በሞተበት ሰሞን ብቻ ነው። አርባ ለማውጣት የሚሄድ ሠራተኛ የሚጽፈው ምንድን ነው? «የቤተሰብ ጉዳይ» ነው። የሙት ዓመቱ ደግሞ በሌላ የበጀት ዓመት ስለሚውል፣ ጥንቁቅ የሆነ ሠራተኛ ከሰኔ 30 ወዲያና ወዲህ ማስላት ይጀምራል።

ማስረጃን በተመለከተ አገሪቱ ሕግ አላጣችም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ፣ ማለትም ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍቺንና ሞትን በመንግሥት መዝገብ የማስፈር ሥራ፣ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ በመላ አገሪቱ የተጀመረ ሲሆን፣ ሞት በቀበሌ ተመዝግቦ የምስክር ወረቀት ሊወጣበት ይችላል። ለሦስት ቀን ፈቃድ ብሎ የሞት ምስክር ወረቀት የሚያወጣ ሐዘንተኛ ግን ብዙ አይደለም፤ እንዲያውም እንዲህ ያለውን ወረቀት አሟልቶ፣ በላስቲክ ሸፍኖ፣ በሰዓቱ ያቀረበ ሠራተኛ ቢገኝ ባለሙያው በእውነተኛነቱ መጠራጠር ይጀምራል።

የሕመም ፈቃድም ከዚህ አይሻልም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሚደርስ ፈቃድ ሲሰጥ፣ የመጀመሪያውን ወር ከሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 2 ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የቀሩትን 3 ወራት ያለ ክፍያ አድርጎ፣ የሐኪም ማስረጃ ይጠይቃል። የሰሜን ሸዋ ሰው ግን ሐኪም ቤት ከሄደ በኋላ፣ አንዳንዴም ከመሄዱ በፊት፣ ጻድቃኔ ማርያም ወርዶ ሰባት ወይም አሥራ አራት ቀን ጠበል ይጠመቃል። ጠበል ደግሞ ማኅተም የለውም። ሠራተኛው ድኖ፣ ፊቱ ወዝቶ፣ ሥራ ለመጀመር ተዘጋጅቶ ሲመጣ ከመዳኑ በስተቀር ሌላ ማስረጃ ስለማይዝ፣ በሕጉ ዓይን ጤነኛ ሆኖ የቀረ ሰው ይሆናል። ታሞ የሰነበተ ሰው በመዳኑ የሚቀጣበት ይህ ሁኔታ በየዓመቱ ከዓመት ዕረፍት ላይ በማቀናነስ ይፈታል፤ ያ ለማረፍ ያልዋለ ዕረፍት በመጨረሻ የሚያገለግለው እንዲህ ላለው ቀዳዳ መድፈኛ ነው።

ስለ ዝውውር ብዙ ማለት አያስፈልግም። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ ከዚያ የሚነሣው ማመልከቻ ብርዱ አልተስማማኝም ሲል፣ ከመርሐቤቴ የጀማ ሸለቆ ቆላ የሚመጣው ሙቀቱና ወባው አልተስማማኝም ይላል፤ ሁለቱን አመልካቾች ማቀያየር የሚያዋጣ መፍትሔ ቢመስልም የሁለቱም ዓይን ደብረ ብርሃን ላይ በመሆኑ አይሳካም። የበረሃ አበል የሚባል ነገር በአገሪቱ የታወቀ ነው። የውርጭ አበል የሚለውን ቃል በሹመኛ አንደበት የሰማ ግን የለም።

የመንግሥት የሥራ ሰዓት ደግሞ በሳምንት 39 ሰዓት ነው። ይህ ቁጥር ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30፣ ከቀኑም ከ7፡30 እስከ 11፡30 በየቀኑ ስምንት ስምንት ሰዓት፣ ዓርብ ደግሞ ጠዋት አንድ ሰዓት ቀንሶ ሰባት ሰዓት ሲሠራ የሚገኝ ድምር ነው። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ግን በዚህ ሒሳብ አይያዝም፤ አርሶ አደሩን በሥራ ቀን ልሰብስብ ቢል ሞፈሩን ትቶ የሚመጣለት የለም፣ በበዓል ቀን ግን ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ሁሉንም በአንድ ላይ ያገኛቸዋል። ስለዚህ መንግሥት ባረፈበት እሑድ ሠርቶ፣ መንግሥት በሚሠራበት ማክሰኞ የሚያገኘው ሰው አጥቶ ይውላል፤ በሰዓት መፈረሚያው መዝገብ የሚታየው ግን ማክሰኞው ብቻ ነው። በዚህ ላይ የጳጉሜን ቀናት ይጨመራሉ፤ ደመወዝ በወር ስለሚከፈል፣ ወሩም 12 ጊዜ ብቻ ስለሚቆጠር፣ አሥራ ሦስተኛዋ ወር ለመንግሥት የምትለገስ ስጦታ ሆና ታልፋለች።

አካባቢው ከሰዓት ፊርማ በፊት የራሱ የመገኘት ደንብ ነበረው። በመንዝ ጌራ የሚገኘውን የጓሳ ሣር መሬት ነዋሪው ለብዙ መቶ ዓመታት ያስተዳደረው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲሆን (ስሙ ከቅርብ ጊዜው የወጣቶች መጠሪያ ጋር አይገናኝም)፣ መሬቱ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋና ሣሩ ለቤት ክዳን ሲደርስ በአለቆቹ ውሳኔ ይከፈት ነበር፤ በተዘጋበት ጊዜም የመጠበቁ ተራ በአባወራው ሁሉ ላይ ስለሚወድቅ የቀረ ይቀጣ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በበኩሉ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ማሰናበት ይፈቅዳል። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ በጓሳ የቀረውን የሚቀጣው ነገ በራሱ ቤት ጣሪያ ላይ ሣር የሚያጣው ጎረቤቱ ስለነበር ምክንያቱን የሚጠይቀውም የሚመዝነውም እርሱ ነበር፤ በቢሮ ግን ምክንያቱን የሚያውቀው አንዱ፣ የሚመዝነው ሌላው፣ ወረቀቱን የሚይዘው ሦስተኛው ነው።

ይህን ለማስተካከል ለውጥ አልተሞከረም ማለት አይቻልም። ቢፒአር የተባለው የሥራ ሂደት ለውጥ መጣ፣ ቢኤስሲ የተባለው የውጤት ምዘና ተከተለ፣ ካይዘን የተባለው የጃፓኖች የማሻሻያ ስልት ተጨመረ፤ የቢሮውም ስም ከፐርሶኔል ወደ ሠራተኛ አስተዳደር፣ ከዚያም ወደ ሰው ሀብት ተሻገረ። በየለውጡ በሩ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ ሲቀየር፣ ወንበሩና በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ባሉበት ቀሩ። በአንዳንድ መሥሪያ ቤት የጣት አሻራ የሚያነብ ማሽን ቢገባም፣ ቅዳሜና እሑድ ሞፈር የሚይዘው ሠራተኛ ጣት ሰኞ ጠዋት ስለማይነበብ፣ መብራትም በፈለገው ሰዓት ስለሚሄድ፣ መዝገቡና እስክሪብቶው ከጎኑ አልተነሡም።

ወረቀት ሰውን የሚረታበት ዋናው ስፍራ ግን የዕድሜ ጉዳይ ነው። በጡረታ ሕጉ መሠረት የመውጫው ዕድሜ 60 ዓመት ሲሆን፣ ይህም የሚሰላው ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር ባስመዘገበው የልደት ዘመን ነው። ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ በፊት በመንዝ የተወለደ ልጅ ልደቱ የሚታወቀው «የአብዮቱ ሰሞን»፣ «የበልጉ ገብስ በበረዶ ያለቀ ዕለት» እየተባለ በመሆኑ፣ ሲቀጠር ዓመቱን ከራሱ ግምትና ከፍላጎቱ አዋጥቶ ይጽፈዋል፤ በዚያን ጊዜ ፍላጎቱ ዕድሜው ለቅጥር እንዲደርስለት ስለሆነ ሁለትና ሦስት ዓመት ይጨምራል። አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ እነዚያን ዓመታት መልሱልኝ ብሎ ይመጣል፤ የንስሐ አባቱን፣ የክርስትና እናቱን፣ ከእርሱ እኩል የተወለደውን ጎረቤቱን በምስክርነት ያቀርባል። ባለሙያውም «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለውን ተረት በመንግሥት ቋንቋ አሳምሮ፣ ያቀረቡት ጥያቄ በሕግ ድጋፍ የሌለው መሆኑን እንገልጻለን ብሎ ይመልሰዋል።

ይህን መልስ ለብዙ ሰው ሲጽፍ የኖረ አንድ ባለሙያ የራሱ 60 ዓመት በማህደሩ ሲሞላ፣ በእናቱ አቆጣጠር ግን ገና 58 ዓመቱ ስለነበር፣ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ ይባላል። ማመልከቻውን በራሱ እጅ ጽፎ፣ ምስክሮቹን ዘርዝሮ፣ ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቀረበ። ኃላፊው በሥራው አዲስ በመሆኑና እንዲህ ላለው ጥያቄ በምን ቋንቋ እንደሚመለስ የሚያውቅ ሌላ ሰው በቢሮው ባለመኖሩ፣ ማመልከቻውን «አስፈላጊው መልስ ይዘጋጅ» ብሎ መራው፤ የመራውም ወደ ሰው ሀብት ነበር። ባለሙያው ማመልከቻውን ከመዝገብ ቤት በፊርማ ተረክቦ፣ አንብቦ፣ አንቀጹን ጠቅሶ የመከልከያውን ደብዳቤ አረቀቀ፤ ረቂቁ አንድ ቃል ሳይነካ ተተይቦ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት ለእርሱ ለራሱ ሲደርሰው፣ ግልባጩን ቀዳዳ በስቶ ከግል ማህደሩ ጋር አያያዘው።